በአንድ ኩላሊት ልብ አውልቅን የወጣሁ ዕለት

የሰቆጣ ሰው ልቤን ደጋግሞ ቀብሮታል። አንድ የገበያ ቀን በርበሬ እየመረጥኩ ሳለ፣ ከጀርባዬ የቆመች ሴት ለጓደኛዋ፣ "የመሪጌታ ልጅ ልቧ ቆሞ አረፈች አሉ፤ ነፍስ ይማር" ስትላት ሰማሁ። ዞር ብዬ፣ "አሜን። እስቲ ትንሽ ጠጋ በይልኝ፣ በርበሬው አልታየኝም" አልኳት። ሴትዮዋ ያን ዕለት በእኔ ፋንታ ራሷ ልትቀበር ምንም አልቀራት።

ምን ሆና ነው ትሉ ይሆናል። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ደብሬ እባላለሁ። ነገሩ የሆነው ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እኔ ሃያዎቹን አጋምሼ ቆሞ ቀር ለመባል ትንሽ ሲቀረኝ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ደብር ያገለግላሉ፣ ዜማ ያስተምራሉ። ታላቅ ወንድሜ በላይ በመንግሥት ወጪ እንግሊዝ አገር ሄዶ ሲማር ሁለቱም ኩላሊቶቹ ታመሙ። ከእህት ወይ ከወንድም አንድ ኩላሊት ካልተገኘ እንደማይተርፍ በኤምባሲው በኩል መልእክት መጣ። ከእኔ ሌላ እህትም ወንድምም የለው። አባቴ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ "ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር አምላክ ሁለት አድርጎ የሰጠሽ አንዱን እንድታካፍይ ከሆነ፣ እኔ ማን ነኝና እከለክላለሁ" አሉ።

በበቅሎ ኮረም ደረስኩ፤ ከኮረም በአውቶብስ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአውሮፕላን። ደማችን ተስማማና አንድ ኩላሊቴን ሰጠሁት። በላይ ዳነ። እኔም ጎኔ ላይ ረጅም ጠባሳ ይዤ ለመመለስ ስዘጋጅ፣ ያከመኝ ሐኪም አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በበላይ አስተርጓሚነት መከረኝ።

"የቀረሽ ኩላሊት የሁለቱን ሥራ ይሠራል፤ አትስጊለት" አለ። "ነገር ግን ኩላሊትና ልብ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ጎረቤቶች ናቸው፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ደህና አያድርም። በየዓመቱ የደም ግፊትሽን አስለኪ። ጨው ቀንሺ። አትወፍሪ። በእግርሽ መሄድ አትተዪ።"

"ልቤስ?" አልኩት። "ወደፊት ምን ይሆናል?"

ሐኪሙ እውነተኛ ሰው ነበር። "አሁን ደህና ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ እንዴት እንደሚሆን ግን እኛም ገና እያየን ነው" አለኝ።

ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት ጉድ ያፈላችው። ሰቆጣ እንደገባሁ ለአባቴ ነገርኳቸው። አባቴ ለነፍስ አባታችን ነገሩ። የነፍስ አባታችን ለማን እንደነገሩ አላውቅም፤ ወሬው ተመልሶ እኔ ጋ ሲደርስ ግን፣ "ኩላሊቷ የወጣበት ቦታ ባዶ ስለሆነ ልቧ ቀስ እያለ ወደዚያ እየተንሸራተተ ነው" የሚል ሆኗል። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታውን ወደ ፊቴ፣ ዓይኑን ወደ ጎኔ ያደርግ ጀመር። ውኃ ስቀዳ እንስራዬን ይነጥቁኛል። ሠርግ ላይ እስክስታ ስጀምር ከበሮው ይቆማል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ብቻዬን ስሆን እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቦታው ላይ መኖሩን አይ ነበር።

የጨዉ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሰቆጣ እኮ የጨው አገር ናት። አሞሌ የጫነ ግመል በአበርገሌ በኩል ሽቅብ ሲመጣ ነው ያደግነው። በዚህ ከተማ፣ "ለእኔ ጨው ቀንሱልኝ" ማለት የባለቤቲቱን እጅ መስደብ ነው።

ግፊት የሚለካበት መሣሪያ ደግሞ ከተማው ጤና ጣቢያ ብቻ ነበር። የሚለካውም ሲሳይ የሚባል ድሬሰር ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጣቱ የማይሻክር ሰው። በዓመት አንዴ ነበር የተባልኩት። ሲሳይ ግን መጀመሪያ ለክቶኝ፣ "ትንሽ ከፍ ብሏል፤ በወሩ ተመለሺ" አለኝ። በወሩ ስመለስ አሁንም ከፍ ብሏል። "በሳምንቱ ነይ" አለኝ። በሳምንቱ ጭራሽ ጨመረ። ተጨንቆ መጽሐፍ ሁሉ አገላበጠ። አንድ ቀን እሱ ስብሰባ ሄዶ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ከሱ የተማሩትን ያህል ሲለኩኝ፣ ግፊቴ እንደ ሕፃን ልጅ ሆኖ ተገኘ። ሲሳይ ይህን ሲሰማ ፊቱ ቀላ፤ እኔም መሬት መሬት አየሁ። መድኃኒቱ ሽማግሌ መላክ እንደሆነ ሁለታችንም ገባን።

ሽማግሌ ተላከ። አባቴ ደስ አላቸው። የሲሳይ እናት ግን እምቢ አሉ።

ወይዘሮ ትርንጎ የከተማው ስመ ጥር የጨው ነጋዴ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ግመለኛውን፣ ደላላውን፣ ቀራጩን በድምፃቸው ብቻ ያስተዳድሩ ነበር። ሰውነታቸውም እንደ ድምፃቸው ሰፊ ነው። አስቀድመው ቤታቸው ጠርተው ሽሮ አቀረቡልኝ፤ ከሽሮው ጨዉ ይበዛል። ሁለት ጉርሻ ጎርሼ ውኃ ጠጣሁ፤ አንድ ጎርሼ ደግሞ ጠጣሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ ሙሉውን ጨረሱት። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው፣ "ልጄን ያሳደግሁት እንዲያገባ እንጂ እንዲቀብር አይደለም" አሉ። "ልቧ ለመውለድ አይበቃም፤ ዳገት አይችልም።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሐጂ ይማም ነበሩ፤ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ሁለቱም ወገን የሚያከብራቸው ሽማግሌ። "የሚያውቅ ሰው ካለ ይናገር እንጂ በግምት እንዴት ይፈረዳል?" አሉ።

"እንግዲያው ትፈተን" አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። "የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ደርሷል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ልብ አውልቅን በእግሬ እወጣዋለሁ። ከእኔ ጋር ትውጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሳትቀመጥ ከደረሰች ልጄን ትውሰድ። ከተቀመጠች ግን ነገሩ ይቅር።"

ልብ አውልቅ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ዳገት ነው። ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም፤ መንገዱ እንደ መሰላል ሽቅብ ቆሞ እየተጠማዘዘ አናቱ ላይ ካለችው ደብር ያደርሳል። አባቴ ሊቃወሙ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ "እሺ፣ እወጣለሁ" አልኩ። ሲሳይ ከበሩ አጠገብ ሆኖ ራሱን ያዘ።

የንግሡ ዕለት በጠዋት ተነስቼ በራቸው ላይ ብቆም ወይዘሮ ትርንጎ አልወጣ አሉ። አንዴ ነጠላ ይቀይራሉ፣ አንዴ ጫማ ይፈልጋሉ። ሰዉ ሁሉ እልል እያለ አልፎን ሄደ። ፀሐዩ እስኪበረታ እያቆዩኝ ነው ብዬ በሆዴ አማኋቸው። ሐጂ ይማም ምስክር ሆነው በበቅሏቸው አብረውን ወረዱ፤ ዳገቱ ሥር ካለች ሾላ ሲደርሱ በቅሏቸውን አስረው ጥላው ሥር ተቀመጡ። "እኔ ከዚህ ሆኜ መንገዱ ሁሉ ይታየኛል። አላህ ይርዳችሁ" አሉን።

መውጣት ጀመርን። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ወይዘሮ ትርንጎ ቆሙ። "ያ ማሳ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አሉኝ በከዘራቸው እያመለከቱ። አላውቅም አልኩ። የማሳውን ባለቤት፣ አባቱን፣ አያቱ ከጎረቤት ጋር የተካሰሱበትን ድንበር ሁሉ ተረኩልኝ። ቀጣዩ መታጠፊያ ላይ ስለ አንድ የሰሃላ ሰው የጠፋች ላም አወሩኝ። ላሟ እስክትገኝ ብዙ ቆምን። ሦስተኛው ላይ፣ "እስቲ ዞሪልኝ" አሉ።

"ለምን እሜቴ?"

"ዞሪ አልኩሽ።"

ዞርኩላቸው። ጆሯቸውን ጀርባዬ ላይ ለጠፉ። ቆይተው፣ "ይመታል" አሉ፤ ደስ ያላቸው አይመስልም ነበር።

"የት አካባቢ ነው የሚሰማዎት?" አልኳቸው። "ወርዷል እንዴ?"

"አትቀልጂብኝ። ሂጂ ከፊት።"

ከፊት ሆንኩ። ዳገቱ ሲጠና ልቤ ደረቴን ይደልቅ ጀመር፤ ጆሮዬ ድረስ ተሰማኝ። ያኔ ፈራሁ። ሐኪሙ "ገና እያየን ነው" ያለኝ ትዝ አለኝ። የሚያዩትን ነገር ዛሬ እዚህ ገደል ላይ እኔ ቀድሜ ላየው ነው ወይ አልኩ። ቆም ብዬ እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ትንፋሼን ሁለት ሦስቴ ስስብ ድለቃው ረገብ አለ፤ ቀጥሎም ጸጥ ብሎ እንደ ወትሮው መምታት ጀመረ። ተንሸራቶ የሄደበት የለም። ዳገት የወጣ ሰው ልብ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። እንዲያ ቆሜ ብቻዬን ፈገግ ስል የወይዘሮ ትርንጎ ድምፅ እንደጠፋ አስተዋልኩ።

እሳቸው ዝም ካሉ አንድ ነገር አለ። ዞር ስል ከበታቼ ድንጋይ ተደግፈው ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ቀዝቃዛው ነፋስ እየነፈሰ ላብ አጥምቋቸዋል። በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ የሆነ ነገር አጉረመረሙና ጉልበታቸው ከዳቸው። ሮጬ ወርጄ ከመሬት ከመድረሳቸው በፊት ያዝኳቸው፤ ክብደታቸውን ስላልቻልኩት አቅፌያቸው ቁጭ አልኩ።

"ደብሬ" አሉኝ። "ደረቴ ላይ አሞሌ ጭነውብኛል።"

መቀነታቸውን ፈታሁ። እንዳይጋደሙ ጀርባቸውን ደረቴ ላይ አስደግፌ ቀና አደረግኋቸው፤ እንግሊዝ አገር በተኛሁበት ክፍል ትንፋሽ ያጠራቸውን ሴቶች እንዲህ ሲያደርጉላቸው አይቻለሁ። በነጠላዬ ከፀሐዩ ከለልኳቸው። ትንሽ ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ።

"ተቀመጥሽ" አሉኝ በጭንቅ።

"አዎ እሜቴ፣ ተቀመጥኩ። አሁን ዝም ብለው ይተንፍሱ።"

"ተሸነፍሽ ማለት ነው።"

"ተሸንፌያለሁ። ይተንፍሱ።"

ተነፈሱ። ጉሮሯቸው ውስጥ ውኃ ያለ ይመስል ይንቃጨላል። እግራቸውን ሳይ ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ የጫማው ጠርዝ ገብቶበታል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳቸው።

የቀሚሳቸውን ጫፍ ወደ ቁርጭምጭሚታቸው ሳቡ። ከዚያ እንባቸው መጣ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው፣ ግድግዳ ተደግፈው እንደሚተኙ፣ ዓምና "እንግዳ መጣብኝ" ብለው ንግሡን እንደቀሩ ነገሩኝ። ሰዉ እስኪያልፍ የቆዩትም ለእኔ ክፋት አልነበረም፤ ሲያርፉ የሚያያቸው እንዳይኖር ነው።

"ሲሳይ አያውቅም?"

"የወለድኩት ልጅ ክንዴን አስሮ ሊነፋኝ?" አሉ። "ደግሞ ካወቀ ጨው ይከለክለኛል።"

"ታዲያ እንዲህ ሆነው ዳገቱን ምን አስወጣዎት?"

"አንቺ እንደማትችዪ ላሳይ ነዋ። አንቺ ከታች ትቀሪያለሽ ብዬ ነበር።" ክንዴን ጨበጡኝ። "ለማንም አትናገሪም። ማርያምን በይ። ደካማ ልብ ያላት ሴት ቤቴ አትገባም ብዬ አደባባይ ላይ ተናግሬ፣ ይህ ከተሰማ ገበያ እንዴት እወጣለሁ?"

"ማርያምን አልናገርም። እርስዎም አሁን ወርደው ሊለኩ ማርያምን ይበሉ።"

"ነገ።"

"ዛሬ።"

"ሲመሽ፣ ሰው ሳያይ።"

"ዛሬ በቀን፤ በጓሮ በር አስገባዎታለሁ።"

ነጋዴ ናቸውና የመጨረሻው ዋጋ የቱ እንደሆነ ያውቃሉ። "ማርያምን" አሉ።

ማለት ቀላል ነው፤ መውረዱ ነው ጉዱ። በእግራቸው ሊቆሙ አልቻሉም። ነጠላዬን አዙሬ እንደ ሕፃን አዘልኳቸው። የወደፊት አማቷን አዝላ ልብ አውልቅን የወረደች ሴት ከእኔ በፊት ነበረች ቢሉኝ አላምንም። ሁለት ቦታ ላይ በቂጤ ልወርድ ደረስኩ። እሳቸው ደግሞ ትንፋሽ ሲያገኙ ማዘዝ ጀመሩ።

"ቀስ በይ። የእህል ስልቻ መሰልኩሽ?"

"የእህል ስልቻ አይናገርም እሜቴ።"

"በግራ በኩል ሂጂ፤ በቀኝ ድንጋዩ ይከዳል።"

ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። ጉንጫቸው ጀርባዬ ላይ እንደተለጠፈ ቀረ። ደንግጬ፣ "አሉ እሜቴ?" ስላቸው፣ "አለሁ። አታናግሪኝ፣ እየሰማሁ ነው" አሉኝ። ምን እንደሚሰሙ አልጠየቅኩም።

ሾላዋ ሥር ስንደርስ ሐጂ ይማም ቀድመው በቅሏቸውን ፈትተው ቆመዋል። እሳቸው ምንም ሳይጠይቁ አገዙኝና ወይዘሮ ትርንጎን በቅሎዋ ላይ አስቀመጥናቸው። ወይዘሮ ትርንጎ ኮርቻው ላይ ሆነው ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ "ሐጂ፣ ምን አዩ?" አሉ።

"ዓይኔ ደክሟል" አሉ ሐጂ። "አንድ ሰው ሁለት ራስ ይዞ ሲወርድ ያየሁ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ባወራ ማን ያምነኛል?" በቅሎዋን እየሳቡ በእግራቸው ከተማ አስገቡን።

ጤና ጣቢያው በንግሡ ምክንያት ጭር ብሏል። በጓሮ ገባን። ሲሳይ እናቱን ሲያይ የያዘውን ብልቃጥ አስቀመጠ። ክንዳቸውን ለካ፤ አየሩን አስተንፍሶ ደግሞ ለካ። ከንፈሩ ነጣ። ሽንት የሚያወርድ መርፌ ወጋቸው፣ ትራስ ደራርቦ አስደገፋቸው። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሽንታቸው ሲወርድ ትንፋሻቸው ቀለለ።

ወይዘሮ ትርንጎ ነቃ እንዳሉ፣ "የእሷንም ለካ" አሉት።

ለካኝ። ደግሞ ለካኝ። "ደህና ነው" አለ። "እኔ ስለካት ደህና ሲሆን ዛሬ የመጀመሪያው ነው።" ያን ዕለት ደክሞኝ ስለነበር ለፍቅር የሚተርፍ ጉልበት አልነበረኝም።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ትርንጎ ከትራስ ላይ ተነስተው፣ ተሸፋፍነው መጡ። አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። ወይዘሮ ትርንጎ ታካሚውም እናቱም በመሆናቸው የሲሳይ አፍ ሁለት ጊዜ ተለጉሟል።

"ሐጂ፣ ልጅቱ ደረሰች ወይ?" ተባሉ።

"ስትቀመጥ አይቻለሁ" አሉ ሐጂ ይማም። "የቀረውን ባለቤቶቹ ይናገሩ።"

"ደብሬ፣ ተቀምጠሻል?"

"ተቀምጫለሁ።"

"ለምን?"

ምላሴን ነከስኩ። ማርያምን ብያለሁ። አባቴ አዩኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት አፌ ከብዶኝ አያውቅም። ወይዘሮ ትርንጎ መሬት መሬት ያያሉ። ዝም ቢሉ ሁሉም ነገር እሳቸው እንዳሉት ይሆናል፤ ስማቸውም ይተርፋል፣ ገበያቸውም ይተርፋል። አንዱ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ "እንግዲህ በቃሉ መሠረት ነገሩ ይቅር" ብለው ተነሱ። ሌሎቹም ተነሱ።

"ተቀመጡ" አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

ተቀመጡ።

"ልጅቱ የተቀመጠችው እኔ ስለወደቅኩ ነው። ደካማው ልብ የእኔ ነው። እንዳትናገር ስላስማልኳት ነው ዝም ያለችው፤ እንዲህ አፏን የምትጠብቅ ሴት እኔ በጨው ንግድ አላገኘሁም።" ትንፋሽ ወሰዱ። "አዝላኝ ስትወርድ ጆሮዬ ጀርባዋ ላይ ነበር። እየሰማሁ ነው የወረድኩት። ልቧ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ልጄን ትውሰድ። እኔንም ትውሰደኝ፤ ከእንግዲህ ብቻዬን አላድርም።"

አባቴ ሳቃቸው መጣና በጋቢያቸው ሸፈኑት። እኔ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ሲሳይ እናቱን ደሴ ወስዶ ሐኪም አሳያቸው። ኪኒን ታዘዘላቸው፤ ጨውም ተከለከሉ። ጨው እየሸጡ ጨው ሳይቀምሱ ብዙ ዓመት ኖሩ። በየማዕዱ ያማርሩ ነበር፤ አንድ ቀን ሰርቀው ሲልሱ ደርሼባቸው አሞሌውን ደብቄባቸዋለሁ። የልጆቼን ልጅነት አይተው፣ አርጅተው፣ ሁላችንንም እየሰደቡ በሰላም አረፉ። በላይም በእኔ ኩላሊት ተመርቆ፣ አስተምሮ፣ ሽበት አበቀለ።

እኔስ? ስታረግዝ ትሞታለች ተብዬ ነበር። ሳረግዝ ሲሳይ ግፊቴን እየለካ አላስቀምጥ ቢለኝም ወለድኩ፤ ደግሞም ወለድኩ። ዕድሜዬ ሲገፋ ግፊቴ ትንሽ ከፍ አለና እኔም ኪኒን ጀመርኩ። በየዓመቱ መለካቱን ስላልተውኩ ቶሎ ተደረሰበት። ኩላሊቱን ለሰው የሰጠ አንባቢ ካለ ይህን አደራ እለዋለሁ፦ አትፍራ፣ ግን አትዘንጋ። ልቤን የጠበቀልኝ እንስራዬን የነጠቀኝ ሰው አይደለም። መለካቱ፣ ጨው መቀነሱና ዳገቱ ናቸው።

ከዚያች ዕለት ወዲህ አንድ ልማድ አውጥቻለሁ። ሰው ወደ ጎኔ እያየ፣ "ልብሽ እንዴት ነው?" ሲለኝ፣ "ደህና ነው። የእርስዎስ?" እለዋለሁ። ብዙዎቹ ይስቃሉ። አንዳንዶቹ ግን ሳቃቸው መሃል ላይ ይቆምና፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ "ሲሳይ ቤት አለ?" ብለው እጅጌያቸውን መሰብሰብ ይጀምራሉ።